ፀሐይ ለማይደርስበት ጓሮ ናና

ሰሞኑን በዚህ ዓምድ የፍቅርና የትዳር ነገር ስናወጋ ከርመን ዛሬ ስለ ጓሮ ላወራችሁ ነው። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። የነካኝ አንዲት አንባቢ የላከችልኝ ደብዳቤ ነው። ግጥም ያለ ሁለት ገጽ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ስሜንም ሰፈሬንም አደራ ስላለች ሁለቱንም ትቻለሁ።

ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። አንድ ካፌ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነች። የምትኖረው ከትልቅ ቤት ጀርባ ከተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች በአንዱ ነው። በበሯና በግቢው አጥር መካከል ሁለት እርምጃ የምታህል መሬት አለች። ያቺ መሬት ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ታገኛለች፤ ከዚያ የትልቁ ቤት ጥላ ይወድቅባትና እንደቀዘቀዘች ትውላለች። ልጅቷ እዚያች ላይ ሁለት ጊዜ በሶብላ፣ አንድ ጊዜ የጥብስ ቅጠል ተከለች። በሶብላው እንደ ክር ቀጥኖ ተኛ። የጥብስ ቅጠሉ ሥሩ በሰበሰ። አከራይዋ ይህንን ሁሉ በመስኮት ሲከታተሉ ከርመው አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ መሬቱም ተከራይ አይወድም» አሏት።

እናንተዬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ሳቄ ነበር የመጣው። ሁለተኛውን ገጽ ስገልጥ ግን ሳቄ ጠፋ። እንዲህ ይላል፦ «ጥላ የማይጠላ፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ ትከሉኝ የማይል፣ ምግብ ወይም ሻይ ላይ የሚገባ ተክል አለ ወይ? ቤት ስለቅስ ይዤው መሄድ እችላለሁ? አዲስ አበባ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ አምስት ቤት ቀይሬአለሁ። የተከልኩትን ሁሉ ጥዬ ነው የወጣሁት።»

አለ፣ እህቴ። ናና ይባላል።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ለናና ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» ትላላችሁ። ናና ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ሻይ ላይ ጣል ተደርጎ የሚመጣ ቅጠል ነው። ችግሩ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ብርጭቆ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ዋጋውንም ከፍያለሁ። እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ በሶብላውና የጥብስ ቅጠሉ ለምን እንደሞቱ ልናገር። አከራይዋ እንዳሉት መሬቱ ተከራይ ጠልቶ አይደለም። በሶብላም የጥብስ ቅጠልም ፀሐይ ወዳጆች ናቸው፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታቸው ነው የሚያምርባቸው። የጥብስ ቅጠል በተለይ የትውልድ አገሩ የሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ ነው፤ ደረቅና ድንጋያማ፣ ፀሐይ የሚያቃጥለው ተዳፋት። እሱን ወስዶ ጥላ ውስጥ እርጥብ አፈር ላይ ማቆም፣ የድሬዳዋ ሰው በክረምት ያለ ሹራብ ደብረ ብርሃን እንደ ማሳደር ነው።

የሚገርመው ናና ከሁለቱም ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ መሆኑ ነው። በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ ናና፣ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። ካላመናችሁ የናናን ወይም የበሶብላን ለጋ ግንድ በሁለት ጣት ይዛችሁ አዙሩት፤ ድቡልቡል ሳይሆን አራት ማዕዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቤተሰቡ ምልክት ነው። ጠባያቸው ግን፣ እንደማንኛውም የአንድ እናት ልጆች፣ ለየቅል ነው። ናና ያደገው ወንዝ ዳር፣ ረግረግ አጠገብ፣ ትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ስለዚህ ለእሱ የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ማለት የተመቸ ኑሮ ነው። የመጋቢት የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ቢመታው እንዲያውም ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ጠርዙም ይደርቃል።

ጥላ ስል ግን ጨለማ ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። የራሴን መለኪያ ልንገራችሁ፦ ቀትር ላይ ቦታው ጋ ቁጭ በሉና ይህን ጋዜጣ ዘርጉ። ያለ መብራት፣ ዓይናችሁን ሳታጠቡ ማንበብ ከቻላችሁ ናና ይኖርበታል። ማንበብ ካቃታችሁ ናናውም ብርሃን ፍለጋ እየተንጠራራ ይቀጥንና ሽታው ይደክማል። የደብዳቤዋ ባለቤት ሁለት ሰዓት የጠዋት ፀሐይ አላት፤ ይበቃታል።

ጥላ ከተባለማ፣ በአገራችን የጥላ ንጉሥ ኮረሪማ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው። ኮረሪማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር የሚኖር የዝንጅብል ዘመድ ነው። ግን ሞቅ ያለና እርጥብ አገር ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይችለውም። ደግሞም ፍሬውን ለማየት ዓመታት መጠበቅ አለ። በአራት ዓመት አምስት ቤት የቀየረች ልጅ ኮረሪማ ትከይ ብላት ማሾፍ ነው የሚሆንብኝ። ናና ግን ዛሬ ብትተክዪው በሁለት ወር ውስጥ ሻይሽ ላይ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት ነው። አንድ ሻይ ቤት ናና አዝዤ ስጠጣ፣ በብርጭቆዬ ውስጥ የቀረውን ቀንበጥ ለቀልድ ያህል ቤት ወስጄ ውኃ ውስጥ አቆምኩት። ትኩስ ሻይ ውስጥ የዋለው አልበቀለም፣ ሞተ። እኔ ግን እልህ ያዘኝና በማግስቱ ተመልሼ አስተናጋጇን ሻይ ያልነካው ቀንበጥ ለመንኳት። ሳቀችና ሦስት ሰጠችኝ። ሦስቱም ሥር አወጡ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! እኔ የምኖርበት አንድ ክፍል መሬት ስለሌላት እናቴ ግቢ ወስጄ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ጤና አዳሟ ጎን ተከልኳቸው።

ያ ጤና አዳም ተራ ጤና አዳም አልነበረም። እናቴ ስታገባ ከእናቷ ጓሮ ቆርጣ ያመጣችው ነው። አያቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ከዚያ አንድ ዘለላ ተቀንጥሶ ስኒ ውስጥ ሲገባ፣ የእናቴ ፊት ላይ የምታየው ነገር አለ።

እኔ ናናዬን በየጊዜው እየተመላለስኩ አጠጣለሁ። እናቴም «የልጄ ተክል» ብላ ማታ ማታ ታጠጣዋለች። ክረምት ገባ። መስከረም ላይ ስሄድ ናናው ጉልበቴ ጋ ደርሷል፤ ጤና አዳሙ ግን ቢጫ ሆኖ ተቀምጧል። በጥቅምት ደረቀ። ጤና አዳም ደረቅ ያለ፣ ውኃ የማይቋጥር መሬትና ፀሐይ ነው የሚወደው፤ እኛ ሁለታችን ናናን እያጠጣን እሱን ሥሩን አበሰበስነው። ናናውም ከላይ ጥላ ሆነበት። እናቴ አልጮኸችም። «በቃ፣ የእማዬ ነገር አለቀ» ብቻ ነው ያለችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ናናው በዚህ አላበቃም። ሥር የመሰለ ግንዱን ከመሬት በታች እየላከ በድንጋዩ ሥር አልፎ ጎመኑ መሀል ብቅ አለ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቆፈርኩ። ነቅዬ ጨረስኩ ስል፣ አፈር ውስጥ የቀረች የጣት አንጓ የምታህል ቁራጭ ሁሉ እንደገና በቀለች። እንዲህ ነው ናና፤ መሬት ላይ ልቅ ከተዋችሁት ጎረቤቱን ሁሉ ይወርሳል።

ጤና አዳሙ ግን ተገኘ! ከብዙ ዓመት በፊት እናቴ ለአንዲት ጎረቤት ከዚያው ተክል ቆርጣ ሰጥታ ኖሯል፤ እሷ ረስታዋለች፣ ጎረቤቷ አልረሱም። ነገሩን ሲሰሙ «አንቺ ሴት፣ የእናትሽ ጤና አዳም እኮ እኔ ጓሮ እንደ ዛፍ ሆኗል» ብለው አንድ እቅፍ ይዘው መጡ። ዛሬ ከግቢው ሌላ ጫፍ፣ ፀሐይ ያለበት፣ ከቧንቧው የራቀ ቦታ ላይ ነው ያለው። ናናዬ ደግሞ በጀሪካን ውስጥ ታስሮ ከእኔ ጋር ይኖራል።

ስለዚህ እህቴ፣ የመጀመሪያው ምክሬ መሬቷን ተያት የሚል ነው። በዕቃ ትከዪው። በዕቃ የሆነ እንደሆነ የአከራይሽን ግቢ አይወርም፣ ስትለቂም ተሸክመሽው ትወጫለሽ።

ዕቃው ውድ መሆን የለበትም። እኔ የተጠቀምኩት የ20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። በጎኑ አስተኝተሽ የላይኛውን ጎን በቢላዋ ቆርጠሽ ስታወጪው ሰፊ ገንዳ ይሆንልሻል። ናና ወደ ታች ብዙ አይወርድም፣ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሰፊ ዕቃ ከጠባብና ረጅም ይሻለዋል። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ከሆነ በቂ ነው። ሥሩን በጋለ ምስማር ስምንት አሥር ቦታ ብሺው፤ ውኃ መውጫ ካጣ ናናም ቢሆን ይበሰብሳል። ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ግን በነፃ ቢሰጡሽም እንዳትነኪው። ይህ የሚበላ ነገር ነው።

አፈሩን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ላይ ያለው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ሲረጥብ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ብቻውን አትጠቀሚበት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅይበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ አመት የቆየ፣ ሽታው የጠፋ፣ አፈር የመሰለው ነው የሚፈለገው።

ዘር ፍለጋ ግን አትድከሚ። የናና ዘር ወላጁን የሚመስል ልጅ ላይሰጥሽ ይችላል። ፔፐርሚንት የሚባለው፣ ከረሜላና የጥርስ ሳሙና ውስጥ የምናውቀው ኃይለኛው ናና ደግሞ የሁለት የናና ዓይነቶች ዲቃላ በመሆኑ እንደ በቅሎ ነው፣ የሚዘራ ዘር የለውም። መንገዱ ቀንበጥ ነው። ከጉሊት ወይም ከአትክልት ቤት አንድ እስር ግዢና ያልጠወለጉትን፣ አበባ ያላወጡትን ሦስት አራት ቀንበጥ ምረጪ። ርዝመታቸው አንድ ስንዝር ይሁን። ልክ ከአንጓው ሥር በስለታም ነገር ቁረጪ፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነውና። ውኃ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ቅጠሉን አራግፊው። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቁመሽ ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማይመታው መስኮት ላይ አስቀምጪ። ውኃውን በሁለት ቀን አንዴ ቀይሪ። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጫጭ ሥሮች እንደ ጢም ይወጣሉ። የጣት አንጓ ያህል ሲረዝሙ ወደ ጀሪካኑ ይግቡ፣ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ትተሽ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቢጠወልግ አትደንግጪ። ከውኃ ወጥቶ አፈር መልመድ ለእሱም ከባድ ነው። አፈሩን እርጥብ አድርገሽ ተዪው፣ ይነሳል።

አሁን ወደ ውኃው ነገር እንምጣ፤ ምክንያቱም በደብዳቤው ላይ ያነበብኩት ሌላ ነገር አለ። ልጅቷና አከራይዋ ከሁለት ወር ወዲህ በደህና አይነጋገሩም። ምክንያቱ የውኃ ሒሳብ ነው። አከራይዋ ሒሳቡ የጨመረው «በአትክልትሽ» ነው ብለዋል። ልጅቷ ደግሞ «ለሞተ በሶብላ ውኃ ክፈይ ተባልኩ» ብላ ከንዳለች።

ሁለታችሁንም አልፈርድባችሁም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ባልዲ ውኃ ባልዲ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ናና ከቧንቧ መጠጣት የለበትም። ሩዝና ምስር የታጠበበት፣ ጎመንና ድንች የተለቀለቀበት ውኃ ይበቃዋል። ጨውና ሳሙና ያለበትን ብቻ አታስጠጊው። አንዲት ላጤ በቀን የምታጥበው እህልና አትክልት አንድ ጀሪካን ናና ለመያዝ ይበቃል፤ እኔ በዚሁ ነው የማኖረው። መቼ እንደሚጠጣ ለማወቅ ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ደረቅ ከሆነ አጠጪ፣ እርጥብ ከሆነ ተዪው። በጥላ ስለሚቆም ቶሎ አይደርቅም፤ በክረምት ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል።

ደግሞ ከመትከልሽ በፊት አስፈቅጂ። «እትዬ፣ በጀሪካን ነው፣ መሬቱን አልነካም፣ ቧንቧውንም አልከፍትም» በያቸው። ጀሪካኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀሽ ሁለት ድንጋይ ላይ አሳርፊው፤ ግድግዳዬን አረጠብሽው የሚል ሌላ ክስ እንዳይመጣ። የመጀመሪያውን ቅጠል ስትቀጥፊም ለእሳቸው ስጪ። ጉቦ አይደለም። ወጥ ሲሠራ ለጎረቤት እንደሚቀመሰው ያለ ነው። ከሰጠሽም በኋላ ላይታረቁሽ ይችላሉ፤ ይህን ቅጠል አያስተካክለውም፤ የውኃ ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ በሰው ቁጥር አካፍላችሁ መነጋገር ያለባችሁ ይመስለኛል።

አንድ ነገር በጣም አደራ፦ ጀሪካኑን ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከፍሳሽ ቦይ አርቂው። ናና ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ነው። የአቃቂ ወንዞች መበከላቸው፣ በእነሱ ውኃ የሚለማው አትክልትም ለጤና ማስጋቱ በጥናት ሲነገር የኖረ ነው። ገዝታችሁ የምታመጡትን ናናም የት እንደበቀለ አታውቁምና ጭማቂ ላይ ጣል ከማድረጋችሁ በፊት በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት። በራስ ጀሪካን የማብቀል ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ምን እንደጠጣ ታውቁታላችሁ።

ናና መቆረጥ ይወዳል። ከጫፉ ሁለት ሦስት ጥንድ ቅጠል ወርደሽ ከአንጓ በላይ ስትቀጥፊው ከዚያች አንጓ ሁለት ቀንበጥ ይወጣል። ሳትነኪው ስትተዪው ነው ወደ ላይ ሄዶ አበባ የሚያወጣው፤ ካበበ በኋላ ቅጠሉ እያነሰ ጣዕሙም እየደከመ ይሄዳል። እምቡጥ ስታዪ ሳትሳሺ ቁረጪ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ሁሉንም ከአፈሩ ሁለት ጣት ያህል ትተሽ እጨጂው። ያስፈራል፣ አውቃለሁ፤ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እጄ ተንቀጥቅጧል። በሦስተኛው ሳምንት እንደ አዲስ ለምልሞ ታገኚዋለሽ። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ ሥሩ ጀሪካኑን ሞልቶ ይታፈናል። ያን ጊዜ ገልብጠሽ አውጪው፤ መሀል ላይ ያለውን ያረጀውንና እንጨት የሆነውን ጣዪ፣ ዳር ዳር ያለውን ለጋውን በአዲስ አፈር መልሺ።

በክረምት ቅጠሉን ገልብጠሽ ማየት ልመጂ። ሥሩ ላይ ብርትኳናማ ዱቄት የመሰለ ነጠብጣብ ካየሽ ዋግ ነው። የታመመውን ሁሉ ቆርጠሽ ከቆሻሻ ጋር ጣዪው፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪው። ከበዛ ግን ማስታመሙ አያዋጣም፤ ጤነኛ ቀንበጥ ፈልገሽ በሌላ አፈር እንደገና ጀምሪ። ቀንድ አውጣ ካለ ማታ በባትሪ መልቀም ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ቅጠሉን ቢያጠቁረው አታልቅሺ፣ ሥሩ በሕይወት አለ።

አጠቃቀሙን ከእኔ ይልቅ ቤሩት ሠርታ የመጣች ጎረቤቴ ብትጽፈው ይሻል ነበር። እሷ ናናን ከፓርስሊ፣ ከቲማቲምና ከቡርጉል ጋር ደቅቃ ታቡሌ ትሠራለች፤ እርጎ ላይ ትነሰንሳለች፤ ሰላጣ ያለ ናና አትበላም። ስሙ ራሱ ከዓረብኛው «ነዕናዕ» የመጣ ነው። ሞሮኮዎች ደግሞ አረንጓዴ ሻይ ላይ በእፍኝ ጨምረው፣ ስኳሩን አብዝተው ነው የሚጠጡት። እኛ ቤት የሚደረገው ስህተት ናናውን ከሻዩ ጋር ማንተክተክ ነው። እሳት ላይ ሲቆይ ሽታው በእንፋሎት ይሄድና መራራው ይቀራል። ሻዩን ካወረድሽ በኋላ አምስት ስድስት ቅጠል በመዳፍሽ ጨብጠሽ ብርጭቆው ውስጥ ክተቺ፣ ሦስት ደቂቃ ክደኚው።

አፍ የሚያቀዘቅዘው ነገርም ያስገርማል። ፔፐርሚንት ውስጥ ያለው ሜንቶል አፋችንን በእውነት አያቀዘቅዘውም፤ ቴርሞሜትር ብትከቱ ለውጥ የለም። ነርቮቻችን ላይ ብርድ የሚለይ ተቀባይ አለ፣ ሜንቶል እሱን ነው የሚያታልለው። በ2021 እ.ኤ.አ. በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ይህንን ተቀባይ ያገኙት በዚሁ በሜንቶል ተጠቅመው ነው። ሻይ ላይ የምናዘወትረው ለስላሳው ናና፣ ስፒርሚንት፣ ሜንቶሉ ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ከረሜላውን ያህል የማይበርደው። ቃር የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ግን አታብዙት፤ ናና ቃርን ሊያብስ ይችላል። የናና ዘይት የሚባለውንም ለሕፃን አፍንጫና ደረት አትቀቡ፤ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።

«በዚህ ገንዘብ ይሠራል ወይ?» የምትሉ አላችሁ፤ በየሳምንቱ አላችሁ። በአንድ ጀሪካን አይሠራም። የራሳችሁን የሻይ ናና ከመግዛት ያድናችኋል፣ ያን ያህል ነው።

ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ፣ ቤት ስለቅስ ወዳልሽው። ከመልቀቅሽ ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ ሦስት አራት ቀንበጥ ብርጭቆ ውስጥ አስገቢ፤ ጀሪካኑ አንድ ነገር ቢሆን መተኪያ ይኖርሻል። ዋዜማው ላይ ናናውን አጭር አድርገሽ እጨጂው፤ ቅጠል ያነሰው ተክል መንገድ ላይ አይጠወልግም። አጠጪውና ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ጠብቂ። አይሱዙው ላይ ከአልጋና ከምጣድ ጋር እንዳትጭኚው፤ ጋቢና ይዘሽው ግቢ፣ እግርሽ ሥር ይቀመጣል። ጀሪካኑን መያዝ ካልቻልሽ ደግሞ አንድ ጭብጥ ሥር ከነአፈሩ አውጥተሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ ክተቺው፤ ሁለት ሦስት ቀን አይሞትም። ከመውጣትሽ በፊትም አንድ ቀንበጥ ለጎረቤት፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ለአከራይሽም፣ ተዪላቸው። የአያቴ ጤና አዳም የተረፈው እንዲያ ነው።

ቀንበጥ መግዣም መለመኛም ካጣሽ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፊልኝ። ትናንት ከእኔ ጀሪካን አራት ቆርጬ መስኮቴ ላይ ብርጭቆ ውስጥ አቁሜአለሁ፤ ሁለቱ የአንቺ ናቸው።